ውኃ ያልጠጣው ጡብ

በሬው ውኃ ሊጠጣ ሲጠጋ የፊት እግሩ በገንዳው ዙሪያ ያለውን የሲሚንቶ ወለል ሰብሮ ሰመጠ። ጎትተው ሲያወጡት ከሥሩ የሰው ክንድ ታየ።

ቆፍረው ሲያወጡት ደሳለው ነበር። በ1969 ሐምሌ ላይ ጠፍቶ፣ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ገብረ ኪዳን «ሽፍታ ገብቷል» ብሎ መሬቱን ከሚስቱ የነጠቀው ደሳለው።

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ደሴ ከወረታ ሲደርስ ግንበኛው መሐመድዘይን ከግራር ጋር ታስሮ፣ ፊቱ አብጦ አገኘው። ገንዳውንም ወለሉንም በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሠራው እሱ ነው።

«ምን ትመረምራለህ?» አለ ገብረ ኪዳን ሽጉጡን እየዳበሰ። «ፀረ አብዮት ነው። ሳይመሽ እርምጃ እንወስዳለን።»

«ይገደል!» ጮኸ ሕዝቡ።

ደሴ ተንበርክኮ ስብርባሪውን ፈተሸ። ያልተሰበረው ወለል ከርብ ወንዝ በወጣ ድቡልቡል ጠጠር የተሠራ ነው፤ መዶሻም አይበግረው። ሬሳው ላይ የነበረው ግን የተከሰከሰ ጡብ አለበት፤ ባንዳንዱ ላይ ሰማያዊ ልስን ተጣብቋል። ጡቡ በጣት ሲነካ ይወልቃል። ዙሪያው ዱቄት ነው።

ኋላ የተጣፈ ነው። በክረምት ፎገራ ሜዳ ላይ የተቀበረን የጎርፉ ውኃ መልሶ ያወጣዋል፤ ገዳዩ ሲሚንቶ ሊጭንበት ፈለገ። ርብ ስለሞላ ግን ጠጠር አላገኘም።

ወደ ግንበኛው ሄደ።

«በጡብ ስብርባሪ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ወረታ ላይ ስንት ቤት! ግን መጀመሪያ ውኃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ደረቁን ከጨመርከው የሲሚንቶውን ውኃ ይመጠዋል፤ አይጠነክርም። ያን ጭቃ የእኔ ነው ካልከኝስ ግድያው ይሻለኛል።»

«ምላሱ አልታሰረም!» አንዱ ምራቁን ተፋበት።

«ሰማያዊ ልስን የማን ቤት ነበር?» ደሴ የገበሬ ማኅበሩን ጠባቂዎች ጠየቀ።

«የባላባቱ» አለ አንዱ። «ሰኔ ላይ አፈረስነው። ሊቀ መንበሩ ፍርስራሹን ከሲሚንቶ ጋር በገዛ እጁ አቡክቶ የጽሕፈት ቤቱን በረንዳ ሠራ። በፊውዳል ፍርስራሽ ላይ እንቆማለን ሲል አጨብጭበናል።»

ደሴ ሕዝቡን አስከትሎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደና በረንዳውን በጫማው ተረከዝ መታው። ጡቡ ወለቀ፤ ሥሩ ዱቄት።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ደረቁን ነው የጨመርከው።»

«ጡብ ማንም ይወስዳል!»

«ሲሚንቶውንስ? የማኅበሩ መጋዘን ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

ገብረ ኪዳን ወገቡ ላይ ያንጠለጠለውን ቁልፍ በመዳፉ ሸፈነ። የደሳለው ሚስት ወለተ ሐና ከሕዝቡ መሃል ወጣች።

«ይህ ሰው ለሚሊሻ ዘመቻ ሲመለምል ወንድሙን ደብቆ የእኔን ልጅ ላከ። ባሌ በስብሰባ አጋልጠዋለሁ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?» አላት ደሴ።

«ለማን? ለእሱ?»

«ሁለቱንም ያዟቸው!» አለ ገብረ ኪዳን ወደ ደሴና ወደ ወለተ ሐና እየጠቆመ።

የተንቀሳቀሰው አንድ ጠባቂ ብቻ ነው፤ ያ ስለ በረንዳው የተናገረው። የእሱም ልጅ ዘምቷል። ጠመንጃውን ወደ ሊቀ መንበሩ አዞረና ጠየቀው።

«ወንድምህ የት ነው?»

«...ሐሙሲት ከተማ።»

«ሽጉጡን አስረክብ» አለው ደሴ።

ሽጉጡን ተቀብሎ ወደ ግራሩ ተመለሰና የግንበኛውን ገመድ በራሱ እጅ ፈታ። ይቅርታ ያለ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠጋ ብለው፣ «ግባ እንግዲህ ልጄ፣ እህል ቅመስ» አሉት።

መሐመድዘይን ያበጠ ከንፈሩን ጠረገ።

«ይገደል ሲሉ ድምፅዎን ሰምቻለሁ፣ አባባ» አለና የወረታን መንገድ ያዘ።