ሰባት ቢጫ ቅጠሎች

ሄስተር ሸክላውን ከምድጃው አፍ በሽርጧ ተቀበለች። ገና ይፋጃል።

ለለንደን ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ከታዘዙት ባለ አበባ ሸክላዎች አንዱ ነው። የሸክላ ከተማዋ የቡርስለም ሴቶች አበባውን በሰማያዊ ብቻ ነው የሚቀቡት። በዚህኛው ላይ ግን ሰባት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ወጥተዋል።

ሰባት።

ሴረኞች ጣቢያውን ሊያፈነዱበት የደበቁት ድማሚት ያለው፣ ወደ ለንደን ከሚጫኑት ሳጥኖች ሰባተኛው ውስጥ ነው ማለት ነው። የመንግሥት ሰላይዋ ሄስተር ስድስት ወር ሙሉ ቀለም ቀቢ መስላ የኖረችው ለዚች ቁጥር ነው። ድማሚቱ የት እንደተደበቀ አይቶ ምልክቱን በስውር የሠራላት ምድጃ አንዳጁ ኢኖክ ቦልድ ነበር፤ ደግ ሰው። ከትናንት ወዲህ ግን የበላው ጅብ አልጮህ ብሏል።

ማሸጊያ ክፍል ውስጥ የስለላ አለቃዋ ይጠብቃታል። የምስጢር ስሙ «ሽመላ» ነው፤ እዚህ ሸክላ ገዢ መስሎ ረጅም ባርኔጣ ደፍቷል። የቢጫውን ምልክት ከእሷና ከኢኖክ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

አፏን ሳትከፍት በምስጢር ስሟ ጠርቶ ቀደማት።

«አትድከሚ ዋኔ። ትናንት ኢኖክ ቀብቶ ሲጨርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ቢጫዎቹ አራት ናቸው። አራተኛው ሳጥን ይቅር፣ ሌላው ይጫን።»

ሸክላውን ልታወጣ የገባ እጇ ሽርጧ ውስጥ ቀረ።

ያልተቃጠለ ቅብ ሰማያዊውም ቢጫውም አንድ ዓይነት አመድ ነው። ምድጃ ሳይገባ ማንም አይለየውም። ይህን የቡርስለም ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ከለንደን የመጣው ሽመላ ግን አያውቅም።

ሰባተኛው እንዲጫን ይፈልጋል፤ ሸጦናል።

«ኢኖክስ ጌታዬ?»

«ለደኅንነቱ ሸሽጌዋለሁ። የአስር ሰዓቱ ባቡር በሰላም ከሄደ፣ ማታ ከሚስቱ ጋር የአጃ ቂጣውን ይበላል።»

«ካልሄደስ?»

«አንቺ ደሞ! ለምን አይሄድም?» ብሎ ሳቀ።

ባቡሩ ከቆመ ኢኖክ ይሞታል። አንድ ኢኖክ፣ ወይስ ጣቢያ ሙሉ ሰው?

«እሺ፣ አራተኛው» አለችው።

በጓሮ ወጥታ ወደ ባቡር ፖሊሶቹ ሮጠች። ሰባተኛውን ሳጥን ሲከፍቱ ድማሚቱ ከገለባው ሥር ተገኘ። ሽመላን ባርኔጣውን እንደደፋ ያዙት። ግብረ አበሮቹ ግን ባቡሩ መቆሙን ቀድመው ሰምተው ነበር።

የኢኖክን ሬሳ በማግስቱ ከከተማው የውሃ ቦይ አወጡት። ሚስቱ ስትጮኽ ሄስተር ከሰዉ ኋላ ቆማለች። ልታቅፋት ፈለገች፤ ማነሽ ብትላትስ? ተመለሰችና ሸክላውን በመዶሻ አደቀቀችው።

በወሩ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ሽርጥ ታጠቀች። የቀቢዎቹ አለቃ ባለ አበባ ሸክላ አሳየቻት።

«እንዲህ ያለ ቀብተሽ ታውቂያለሽ፣ የኔ ልጅ?»

«የለም እሜቴ» አለች። «ካሳዩኝ ግን እለምዳለሁ።»