ባሕሩ የሸሸበት ጠዋት

ውብነሽ የመጣችው የባሏን ሞት ልታረዳ አልነበረም። መርዶውንማ ሙሉወርቅ ሰምታ አልቅሳለች። ጥቁር ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ግቢ እስክትባል እንኳ አልጠበቀችም።

«እትዬ ሙሉ፣ ረታ ራሱን አልገደለም» አለች።

ሙሉወርቅ ክንዷን ይዛ አስገባቻትና ወጥ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠቻት። ቤቷ ጊንሃይም፣ ረጅሙ የቴሌኮም ማማ ከመስኮት በሚታይበት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ለፍርድ ቤትና ለፖሊስ ስታስተረጉም ኖራ ጡረታ ወጥታለች። የሰውን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ወደ ጀርመንኛ ስታሻግር ጆሮዋ ስሎ ቀርቷል፤ ንግግር የት ላይ እንደሚያነክስ ይነግራታል። መርማሪዎቹ ራሳቸው ኮሪደር ላይ አስቁመው «እንዴት አየሽው?» ይሏት ነበር። ዛሬም ሐበሻው የተቋጠረበት ነገር ሲኖር ወደ እሷ ይመጣል።

«ራሱን ገደለ ያለው ማነው?»

«ፖሊስ። አክቱን፣ መዝገቡን፣ ሊዘጉት ነው። አባ ገብረትንሳኤ ደግሞ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም አሉኝ። ቅዳሜ ነው የሚቀበረው። እንደ ውሻ ያለ ጸሎት ልቅበረው?»

ሙሉወርቅ ውኃ ሰጠቻትና ከመጀመሪያው እንድትነግራት ጠየቀቻት።

ረታ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት የእህቱ ልጅ ፀሎት ቪዛ ስትከለከል፣ በሊቢያ በኩል እንድትመጣ የተስማማው እሱ ነው። ከደላላው ጋር በስልክ ይነጋገር የነበረውም እሱ ነው። የደላላውን ፊት አንድ ቀን አላየም። ልጅቷ ጀልባ ላይ ወጣች ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ጀልባዋም ልጅቷም የገቡበት አልታወቀም። ረታ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቧንቧ ሲከፈት ይባንናል፤ ማታ ማታ ማንም ሳይጠራው «አቤት» ይላል።

«ታዲያ ወደ ባሕር ምን ወሰደው?»

«የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብሬመርሃፈን የሚባል የባሕር ዳር ከተማ ደርሰን እንምጣ አሉ። ከዓመት ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችን የሚያገለግለው ገናናው ነው ያዘጋጀው። ሆቴሉ የተመቸ ነው፣ ይረፉ አለው። ረታም ልየውና ይውጣልኝ ብሎ ሄደ። እኔ ጉልበቴን ታምሜ ቀረሁ።» ውብነሽ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። «የመጀመሪያው ቀን ማታ፣ ከእራት በፊት ደወለልኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ‘ውብነሽ፣ ባሕሩ በክፍሉ ስልክ አናገረኝ’ አለኝ። እኔ ደግሞ ያው የድሮው ሕመሙ መስሎኝ፣ ‘መድኃኒትህን ውሰድና ተኛ’ አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።»

ሙሉወርቅም የማይለቋት ድምፆች አሏት። ከባሕር የተረፉ ሰዎች ያልተረፉትን ስም ሲጠሩ፣ ያንን ስም በጀርመንኛ ስትደግም ኖራለች። ስም ደግሞ አይተረጎምም።

በማግስቱ ኡንተርሊደርባህ ወደሚገኘው የአረጋውያን መጦሪያ ሄደች። ከረታ ጋር የተጓዘችው ሶሊ የምትሠራው እዚያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ራሷም በጀልባ ነው የመጣችው። በሺክቷ መሀል ለዕረፍት ስትወጣ ከጓሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ከተማው ያስፈራል እትዬ» አለች ሶሊ። «ከጣቢያው ስንወጣ የተዘጉ ሱቆች፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የሚሰዳደቡ ሰካራሞች፣ ዝገት የበላው መርከብ። ሆቴሉ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ አገር ነው። ምንጣፉ እግር ይውጣል። አልጋው እንደ ጥጥ ክምር ነው። የአቶ ረታን ዕቃ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ያን የመሰለ አልጋ ላይ አንዲት ሌሊት እንኳ ሳይተኙበት። አንሶላው እንደተነጠፈ ነው፤ ትራሱ ላይ የተቀመጠችው ቸኮሌት እንኳ አልተነካችም።»

«ፖሊሶቹ አላዩትም?»

«አይተውታል። ሌሊቱን ተጨንቀው ቆመው ነው ያደሩት አሉ።»

«አንቺስ ባሕሩን ቻልሽው?»

ሶሊ ጣቶቿን አፍተለተለች። «ገናናው በክፍሉ ስልክ ደውሎ እራት በረንዳው ላይ ነው፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት አለኝ። እፈራለሁ ስለው ‘አትስጊ፣ ባሕሩ ተኝቷል’ አለኝ። ሄድኩ፤ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የበላሁት። ውኃው ከታች ደረጃውን ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ጠዋት ግን አንድ ነገር ሆነ።»

«ምን ሆነ?»

«ጎህ ሲቀድ መጋረጃውን ከፈትኩ። ባሕሩ የለም። እስከ ሩቅ ድረስ ጭቃ ብቻ። እግዚአብሔር ስለ እኔ ያነሣው መሰለኝና ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከጀልባዋ ወዲህ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ቀና ስል ውሻ የሚያንሸራሽር አንድ ሽማግሌ አስከሬኑን አግኝቶ ከታች ይጣራል። አቶ ረታ ደግ ሰው ነበሩ። ልጃቸው የምሆነውን አንቱ ነበር የሚሉኝ። አፍር ነበር።»

ሌላውን ተጓዥ፣ ተስፋጋብርን፣ ያገኘችው ኒድ በሚባለው ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ሲራመድ ነው። ከሙሉወርቅ ጋር ከተማሪነት ጀምሮ ይተዋወቃሉ። የመድኃኒት ባለሙያ ነበር። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ሙሉ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«በአፌ። እራት ላይ ስለ ልጅቱ ጀመረ። የደላላውን ድምፅ ሰማሁት ይላል። እኔ ደግሞ ተቆጣሁ። ‘ሰባት ዓመት ሞላት፣ ማዕድ ላይ ሬሳ አታምጣ’ አልኩት። አላየኝም። ገናናውን ነበር የሚያየው። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ገናናው ላጽናናው ብሎ ተከተለው፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና አስተኛሁት አለን።»

«አንተስ?»

«ወደ አልጋዬ። ጠዋት ስነሣ የባሕሩ ግንብ ደረጃ ግርጌ ወድቋል አሉ፤ እራት የበላበትን ልብስ እንደለበሰ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ። እኔና ሶሊ ወረድን። ገናናው አስከሬን ማየት አልችልም ብሎ ክፍሉ ቀረ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ባቡር።»

«ረታ አንተን እንዴት ነበር የሚጠራህ?»

ጥያቄው ግራ አጋባው። «ታውቂው የለም? የአርባ ዓመት ወዳጁን አንቱ ነበር የሚለኝ። አባቱ እንደዚያ ነው ያሳደጉት። ከሚስቱና ከእግዜር በቀር አንተ፣ አንቺ ያለውን ሰው አላውቅም።»

ገናናውን በምሳ ሰዓት፣ በሚሠራበት አየር ማረፊያ ዳቦ ቤት ውስጥ አገኘችው። ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ወንበር የሚያነሣው፣ ሽማግሌ የሚደግፈው እሱ ነው። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት።

«እግዜር ያጥናዎት» አለ። «ለፖሊስ የነገርኩትን ነው የምነግርዎት። ጎህ ሲቀድ አየኋቸው።»

«ለፖሊስ ምን አሉ?»

«ጀርመንኛዬ ያው ነው። ‘ወደ ባሕሩ ሲወርድ አየሁት’ አልኩ፣ በቃ። ለእርስዎ በአማርኛ ልንገርዎት። በመስኮት ሳይ ደረጃው ላይ ቆመዋል። ማዕበሉ ጫማቸውን ይመታል። ‘አቶ ረታ’ ብዬ ተጣራሁ። ዞር ብለው ‘አንተ ነህ?’ አሉኝ። እጄን አውለበለብኩ። እግራቸውን ሊነክሩ መስሎኝ ተመልሼ ተኛሁ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ብወርድ ኖሮ ይተርፉ ነበር።»

«‘አንተ ነህ?’ ነው ያሉት? ቃሉ እሱ ነው?»

«ቃል በቃል።»

ሙሉወርቅ አመስግናው ወጣች። ቤቷ እንደደረሰች ሆቴሉ ደወለች፤ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ጥቂት ተነጋገረች። ቀጥላ ብሬመርሃፈን ፖሊስ ደወለች። ያን ዕለት ረጅም ሰዓት ስልክ ላይ ነበረች።

ሐሙስ ከሰዓት ውብነሽ ቤት፣ ኒድ፣ ለቅሶ ደራሾቹ ከሄዱ በኋላ አራት ሰዎች እንዲቀሩ አደረገች፤ ሶሊን፣ ተስፋጋብርን፣ ገናናውንና አባ ገብረትንሳኤን። ውብነሽ ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠች ናት።

«አባ» አለች ሙሉወርቅ፣ «ረታ ፍትሐት የሚገባው ሰው መሆኑን ላስረዳዎት ነው። ረታ የሞተው ጠዋት አይደለም። ከእራት በኋላ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ነው።»

«ገናናው ጠዋት አይቶታል» አለ ተስፋጋብር።

«ጠዋት ያየው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ግን ወደ ማታ ያመለክታል። አልጋው አልተተኛበትም። የለበሰው እራት የበላበትን ልብስ ነው። ሶሊ፣ ማታ ውኃው የት ነበር?»

«ደረጃው ላይ።»

«ጠዋትስ?»

«አልነበረም። ጭቃ ብቻ ነበር።»

«እንግዳ ተቀባይዋም ያንኑ ነገረችኝ። የሰሜን ባሕር ይመጣል፣ ይሸሻል። ያን ሰሞን ማታ ግንቡን ይመታ ነበር፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ሩቅ ነበር። አቶ ገናናው ግን ጎህ ሲቀድ ማዕበል ጫማውን ሲመታው አየሁ አሉኝ። ያ ማዕበል ጠዋት አልነበረም። ማታ ነበር።»

ገናናው ሳል አለ። «እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፤ ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሆናል። ሁለተኛው ነገር ግን አለ። ረታ ሶሊን እንኳ አንቱ ይል ነበር። ለእርስዎ ግን ‘አንተ ነህ?’ አለ። ሠላሳ ዓመት ሐሰት ስሰማ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ውሸታም ሁሉን ነገር አይፈጥርም። በእውነት የሰማውን ቃል ያነሣና ቦታውን ይለውጠዋል። ረታ ያን ቃል በእርግጥ ተናግሯል፤ ደረጃው ላይ፣ ማታ፣ ማዕበሉ ጫማውን ሲመታ። አንቱታውን ያስጣለው ምን እንደሆነ ብቻ አላውቅም ነበር።» ወደ ሶሊ ዞረች። «ገናናው ስልክ ደውሎ ምን አለሽ? ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።»

«‘አትስጊ፣ ባሕሩ ተኝቷል።’»

ከምንጣፉ ላይ የውብነሽ ድምፅ መጣ፤ በጣም ዝግ ያለ ነበር።

«ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ደላላው ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ረታ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት እኔም እሰማ ነበር። ‘አይስጉ፣ ሌሊቱን ይነሣሉ፣ ባሕሩ ተኝቷል’ ነበር ያለን።»

«አንድ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ሲያየው እንዴት አላወቀውም?» አለ ተስፋጋብር።

«ፊት ድምፅን ይሸፍናል። እኔ ለዓመታት አብሬው የሠራሁትን ዳኛ በስልክ ሳላውቀው ቀርቻለሁ። ረታ ያን ሰው የሚያውቀው በስልክ ብቻ ነው። ያን ማታ ገናናው እንደ ሶሊ ለእሱም ለእራት ሲደውልለት ድምፁ ያለ ፊት፣ በዚያው ቃል፣ በስልክ መጣበት። ባሕሩ አናገረኝ ያለው አብዶ አይደለም።» ከዚያ ወደ ገናናው ዞረች፤ አነጋገሯ ተለወጠ። «አንተ የምታውቀው የሊቢያን ባሕር ነው። እሱ ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ ይኼኛውም ጠዋት እዚያው ያለ መሰለህ።»

ገናናው ሊክድ ያሰበ ይመስል ነበር፤ ግን ውብነሽ ቀና ብላ አየችው።

«ጀልባ ላይ የጫንኳቸው እኔ አይደለሁም» አለ። «እኔም እዚያ የታገትኩ ሰው ነበርኩ። አማርኛ ጥሩ ትናገራለህ፣ ስልኩን አንተ አንሣ አሉኝ። በዱላ ነው። ስልክ ብቻ ነበር የማነሣው። የማንንም ፊት አላየሁም።»

«ማታስ?»

«ክርኔን ያዙኝ። ‘አንተ ነህ? የት አደረስካት?’ አሉ። ምን ልበላቸው? አለቅም አሉ። ላስለቅቅ ስል ወደቁ። ድንጋዩ መታቸው፣ ውኃው ዋጣቸው።»

«ጮኸህ ሰው ጠራህ?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ተመልሰህ አስተኛሁት አልክ» አለች ሙሉወርቅ። «ከዚያ እዚያ ምቹ አልጋ ላይ ተኛህ። ስልክ በግድ እንዳነሣህ አምንሃለሁ፤ ብዙ እንዳንተ ያሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። ያን ማታ ግን ያስገደደህ አልነበረም።»

«ከአገር ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ» አለ። «ለእነሱ ያስረዱልኝ፤ እርስዎ ቃሉን ያውቁበታል።»

«ፖሊሶቹ ታች መኪና ውስጥ ናቸው። ያልከውን ሁሉ ንገራቸው፣ የዱላውንም። እኔ ግን ላንተ አላስተረጉምም። ሌላ ሰው ይፈልጉልሃል።»

ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ። በሩ ጋ ሲደርስ ውብነሽ ጠራችው።

«በስልክ ያናገርካት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ። ልጅቷን።»

«አንዴ» አለ ጀርባውን እንደሰጣት። «ከመነሣታቸው በፊት። ጋሼን ሳልሰናበት አልሄድም ብላ አለቀሰች። መስመሩ እንቢ አለ።»

ቅዳሜ ዝናብ አልነበረም። አባ ገብረትንሳኤ ፍትሐቱን ከመጀመራቸው በፊት ውብነሽ ጠጋ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር ለመነቻቸው። እሳቸው ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሎቱ ላይ የረታን የክርስትና ስም ጠሩ፤ ቀጥለውም ወለተ ሥላሴ አሉ። የፀሎት የክርስትና ስም ነው። ባሕር ከወሰዳት ጀምሮ ትሙት ትኑር ሳይታወቅ ተብሎ፣ ማንም በሙት ጸሎት ጠርቶት አያውቅም ነበር።

ሶሊ ድንገት ወደ ፊት ወጣች። አንገቷን ደፍታ ለአባ በዝግታ ሌሎች ስሞች ነገረቻቸው። በእሷ ጀልባ ተሳፍረው ባሕር ያስቀራቸውን ሰዎች ስም ነው። አባ እየሰሙ አንድ በአንድ ደገሟቸው። ሙሉወርቅም ዓይኗን ጨፍና፣ ከእሳቸው ኋላ በለሆሳስ፣ ለዓመታት ያሻገረቻቸውን ስሞች መጥራት ጀመረች።