ከውሃ በታች የተቆረጠው ቱቦ

አንሰልሞ ቺጓይን ከባሕር አውጥተው ጀልባው ወለል ላይ ሲያጋድሙት ጉንጩ ቀልቶ ነበር። የሰመጠ ሰው ይጠቁራል እንጂ እንዲህ አይቀላም።

ሳጅን ኤደልሚራ ማንሲያ ጎንበስ ብላ አየችው። የቺሎዌ ደሴት ዝናብ አላባራም። በመረብ በታጠረው ውሃ ውስጥ የእርባታው ዓሦች ይተራመሳሉ።

«የአየር ቱቦውን እዪው!» አለ ሊዮኔል ኦያርሶ። ከሟቹ ጋር አብሮ የሚጠልቅ ባልደረባው ነው፤ ወርዶ ሬሳውን ያወጣውም እሱ ነው። «በቢላ ነው የተቆረጠው። ይሄ ሽማግሌ ነው የገደለው!»

ሽማግሌው ሩፐርቶ ካርካሞ ነው። ጠላቂዎቹ ከሥር ሲሠሩ እሱ ጀልባው ላይ ሆኖ አየር የሚልክላቸውን ሞተር ይጠብቃል። ትናንት ከአንሰልሞ ጋር በሰው ፊት ተሰዳድበዋል።

«ጋሼ፣ ምን አጣላችሁ?»

«ጆሮ ጠቢ አለኝ።» ሽማግሌው ወደ ሬሳው አየ። «የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም በድብቅ የተነጋገርነውን አንድ ሰው ለአለቆቹ ያደርሳል። ስንቱ ልጅ ተባረረ! እኔን ጠረጠረ። ዛሬ ጠዋት ግን እጄን ይዞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ‹አንተ አይደለህም፤ ሰውየውን አግኝቼዋለሁ› አለኝ።»

«ማን ነው አለዎት?»

«ስሙን አልነገረኝም። ‹ራሱ ወጥቶ ይናገር› ነው ያለው።»

«ሙት አይመሰክር!» ሲል ሊዮኔል አፌዘ።

ኤደልሚራ ቱቦውን አነሳች። የተቆረጠው ከሟቹ አፍ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

«ዋና ይችላሉ፣ ጋሼ?»

«የደሴት ልጅ ዋና ከየት ያመጣል? ባሕሩን እናውቀዋለን፤ አንገባበትም።»

ከጀልባው ሠራተኞች አንዱ ሊስቅ ብሎ ተወው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጠራት። ሳይነግራት ገምታው ነበር፤ አባቷ በክረምት በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ ተኝቶ በቀረ ጊዜ ጉንጩ እንዲሁ ቀልቶ ነበር። አንሰልሞን የገደለው ጭስ ነው።

ሊዮኔልን ጣቢያው ውስጥ ከፊቷ አስቀመጠችው።

«አንሰልሞ ሲወርድ ሩፐርቶን ወዴት ላክኸው?»

«ወደ ፊት። ገመድ እንዲስብ።»

«ሞተሩ አጠገብ ማን ቀረ?»

ሊዮኔል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አየር መሳቢያውን ወደ ሞተሩ ጭስ አዞርከው። ባልንጀራህ ከሥር ሆኖ ጭስ ሳበ። መንቀሳቀሱን ሲያቆም መሳቢያውን ወደ ቦታው መልሰህ፣ ‹ላድነው› ብለህ ወረድክ። ቱቦውን የቆረጥከው ያኔ ነው፤ በሽማግሌው ልታላክክ።»

«ማን አየኝ?»

«ማንም። ግን ወደዚያ ጥልቀት ቢላ ይዞ የወረደ ካንተ ሌላ የለም።»



«እስከ እሑድ ጊዜ ሰጠኝ» አለ ሊዮኔል። «‹ለባልደረቦችህ ራስህ ንገር፤ አለዚያ እኔ እነግራለሁ› አለኝ። እዚህ ደሴት ላይ ጆሮ ጠቢ ከተባልሽ ማን ያኖርሻል? ልጆቼስ?»

«የሱ ልጆችስ?»

 ሊወስዱት ሲያነሱት ሊዮኔል በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ አለ፤ ደስ የማይል ፈገግታ።

«ለአለቆቹ የምናገር እኔ ብቻ መሰልኩሽ፣ ሳጅን?»

ይህ ቃሉ ከእሷ ቀድሞ ወደቡ ደረሰ።

በማግስቱ ጠላቂዎቹ ጀልባው ላይ ወጡ። ልብሳቸውን ለበሱ፤ ሞተሩም ተነሳ። ሩፐርቶ ቱቦዎቻቸውን ተቀብሎ ከሞተሩ ጋር ሊያገጥም እንደ ወትሮው እጁን ዘረጋ።

ማንም አልሰጠውም። እርስ በርሳቸውም አልተሰጣጡም። እያንዳንዱ የራሱን ቱቦ ጭኑ ላይ ጠቅልሎ ይዞ፣ ዓሦቹ ከሥር እየተራመሱ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ሲያይ ዋለ።