የጽጌሬዳ ጸዳል

ፍቅር ሊመጣ ሲል ሰበብ አያጣም። የማቴዎስና የጽጌሬዳ ፍቅር የመጣው በጉርድ ፎቶ ነበር።

ያኔ በደርግ ዘመን ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። ማቴዎስ የቡሹሎ ልጅ ነው፤ ሲዳማ፣ በሃይማኖቱ ጴንጤ። ገበያው መንገድ ዳር ባለች ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ፎቶ ያነሳል። ጽጌሬዳ ደግሞ ከጎጃም ተዛውረው የመጡት የመንግሥት ሠራተኛ፣ የአቶ ካሳሁን ልጅ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ለማትሪክ የሚሆን ፎቶ ልትነሳ ገባች።

«ብርሃኑ ፊትሽ ላይ እንዲያርፍ ቀና በይ» አላት።

«የትኛው ብርሃን?» አለችው እየሳቀች። የአማርኛ መምህሯ ያን ሰሞን የቃላት ፍቺ እያስተማሩ ስለነበር ነገሩ አፏ ላይ ነው። «ጮራ አለ፣ ወጋገን አለ፣ ነጸብራቅ አለ፣ ጸዳል አለ።»

ማቴዎስ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። «ለአንድ ብርሃን ይሄ ሁሉ ስም! እኛ እንዲህ ስም የምናበዛው ለእንሰትና ለከብት ነው።»

«አንድ አይደለማ! ጮራ ፀሐይ የምትፈነጥቀው ነው። ወጋገን ገና ሳትወጣ ሰማዩ ወገግ ሲል። ነጸብራቅ ሐይቁ ላይ አርፎ ተመልሶ ዓይንህን የሚወጋህ።»

«ጸዳልስ?»

«መምህራችን የብርሃን ድምቀት ነው፣ ውበት ነው ይላሉ። እኔ ግን ከውስጥ የሚመጣ ይመስለኛል። ደስ ያለው ሰው ፊት ላይ የሚታየው።»

ማቴዎስ ካሜራውን ትቶ አያት። እሷም አየችው።

ፎቶውን ልትወስድ መጣች፤ ቀጥሎ ሌላ ቅጂ አማራት፤ በመጨረሻ ሰበብ ፍለጋውም ቀረ። ከትምህርት ስትለቀቅ ሐይቁ ዳር ይጠብቃታል። «ዛሬ ወጋገኑን አየሁት፤ ሐምራዊ ነበር» ይላታል። እሷ ደግሞ አዲስ ቃል ይዛለት ትመጣለች። ፈተናዋን ስትጨርስ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። አቶ ካሳሁን ልጃቸውን ለጴንጤ እንደማይሰጡ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን ተስፋ ያደረገ ሰው ያወቀውንም ይረሳል።

ሽማግሌው ሳይላክ ሌላ ጠያቂ መጣ። ሻምበል ሙሉጌታ የሚባል፣ አሥመራ ያለ የጦር መኮንን፣ በአጎቷ በኩል ሚስት ይፈልጋል። ልጅቷን አይቷት አያውቅም። ፎቶዋ ይላክለትና ከወደዳት ያገባታል።

«ዘመኑ ክፉ ነው» አሉ አቶ ካሳሁን። «የመኮንን ሚስት ከሆነች ቀበሌም አይደፍራትም።»

እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የልጃቸውን ልብ አያውቁም። ለፎቶው ይዘዋት የመጡት ማቴዎስ ጋ ነው። እሳቸው ውጭ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጽጌሬዳ ከመጋረጃው ጀርባ ገባችና ክንዱን ያዘችው።

«አበላሸኝ» አለችው በሹክሹክታ። «አስቀያሚ አድርገኝ፣ ማቲ። አይቶ ይተወኝ።»

«አበላሽሻለሁ» አላት።

አምፖሉን ከአገጯ ሥር አድርጎ አነሳት። ጥላው ዓይኗን ዋጠው፤ ጉንጯ የበሽተኛ መሰለ። ጥሩ ነው። ሊጨርስ ሲል ግን እሷ የተገላገለች መስሏት ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ለራሱ ሊያስቀረው ፈለገ። መብራቱን በጎን አዙሮ አንዴ ደግሞ አነሳት።

ጨለማው ክፍል ውስጥ ሁለተኛው ፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ቀስ እያለ ብቅ ሲል ማቴዎስ ብቻውን አለቀሰ። ጸዳል ማለት ይሄ ነው። መሳቢያው ውስጥ ደበቀው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቻቸውን መጥተው መጥፎውን ፎቶ ተቀበሉ። አዩት። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ደግመው አዩት።

«ይቺ ናት ልጄ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ እናቷ ስለሆንኩ ነው ለካ ቆንጆ የምትመስለኝ። ምን ፊት ነው ይሄ! አሁን ይሄን አይተው ይስቁባታል።»

ዝም ማለት ነበረበት። አንድ ደቂቃ ዝም ቢል ጽጌሬዳ የእሱ ነበረች። ግን ሰው በመልኳ ሊስቅባት ነው፣ እናቷም አምነዋል፣ ያስቀየማት ደግሞ የእሱ እጅ ነው። አልቻለም።

«ልጅዎ እንዲህ አይደለችም፣ እማማ» አለና መሳቢያውን ከፈተ።

«እሰይ!» አሉ እናት ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው። «እጅህ ይባረክ!»

ሻምበሉ ፎቶውን እንዳየ ሰርጉ ለጥር ይሁንልኝ ብሎ ላከ።

ጽጌሬዳ መልእክቱ በደረሰ ማግስት ፎቶ ቤቱ ገባች። አልጮኸችም። «ለምን?» ብቻ አለችው።

«እናትሽ ናቁሽ። ሲንቁሽ ማየት አቃተኝ።»

«መናቄ ይሻለኝ ነበር። አንተ እስካወቅከኝ ድረስ የሌላው ምን ይጎዳኛል?»

«እንሂድ» አላት። «ዛሬውኑ እንሂድ፣ ጽጌ።»

«የት? ቀበሌ የሌለበት አገር አለ? አባቴን በመኮንኑ አሳስሬ፣ እናቴን አስለቅሼ የት ልግባ?» ዓይኗን ጠረገች። «የብርሃን ስም ደርድሬ አስተማርኩህ። የጨለማን ነበር ማስተማር።»

ሊነካት እጁን ዘረጋ። ገለል አለች እንጂ አልተቆጣችም። የባሰው ይሄ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ጥር ላይ አቶ ካሳሁን ግቢ ድንኳን ተተከለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሌላ ፎቶ አንሺ አይሆንም አሉ። «ልጄን ለወግ ማዕረግ ያበቃት እሱ ነው» ብለው ራሳቸው መጥተው ጠሩት። ማቴዎስ እንቢ ቢል ምን ብሎ? ካሜራውን አንግቶ ሄደ።

ሙሽሮቹ ፊቱ ቆሙ። ሻምበል ሙሉጌታ ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንዲያውም ዓይን አፋር ነው። ሚስቱን ዛሬ ገና ማየቱ ስለሆነ ራቅ ብሎ ቆሟል። ጽጌሬዳ ነጭ ለብሳ ካሜራውን ትኩር ብላ ታያለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ማቴዎስ በካሜራው ቀዳዳ ሲመለከት በሁለቱ መካከል ሌላ ሰው የሚያስቆም ክፍተት አየ። እንዲህ ሆኖ ፎቶ አይነሳም።

«ሻምበል» አለ፤ «ጠጋ ይበሏት።»

በእልልታው መሀል አልተሰማም። ማቴዎስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።