ከነዲድ ሰንሰለት የቀረው ቀለበት

በሐዝሞር ሰማይ ላይ ደመናው በቀትር ሸሸ። ያዩት ሁሉ ደረታቸውን ደቁ፤ ዝናብ የሚያመጣው ዕንቁ ከመቅደሱ ጠፍቶ ነበርና።

የወሰደው ነዲድ ነው፤ በአርሞን ቤት ያደገው ባለ እሳት ክንፍ አውሬ። መብረቅ ሰንሰለቱን ሲበጥሰው ደንብሮ በረረ፤ የመቅደሱን ዘብ አቃጠለ፤ ዕንቁውን ውጦ ወደ ጉምራ ተራራ ገሠገሠ።

አርሞን ከባሕር ማዶ ተምሮ ከተመለሰ ገና አንድ ክረምት እንኳ አልሞላውም ነበር። በሸንጎው ፊት ቆሞ፣ «ሰንሰለቱ አዲስ ነበር፤ በሩም ተዘግቶ ነበር። በእኔ ላይ ጥፋት ያገኘ ይናገር!» አለ።

የሸንጎው አለቃ አባ ጌርሞ ሳል እየተናነቃቸው መለሱ።

«ማን አጥፍተሃል አለህ፣ ልጄ? የነዲድ ትንፋሽ በውርጭ ማሳህን ሲያሞቅልህ፣ ‹ይህ ይገባኛል ወይ?› ብለህ ጠይቀሃል? አውሬው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው ጉዳቱም ያንተ ነው።»

ከተበጠሰው ሰንሰለት የቀረውን ከባድ ቀለበት አንገቱ ላይ አጠለቁለት። በሐዝሞር ወግ ይህን ብረት የሚያወልቀው የተጎዳው ሰው እጅ ብቻ ነው።

አርሞንም፣ «ዕንቁውን ሳልመልስ የአገሬ ውሃ ጉሮሮዬን አያርጥበው!» ብሎ ማለ።

የሟቹ ዘብ እኅት ሰገን አብራው ወጣች። አቀበቱ ላይ ሲያለከልክ አይታ፣ «በተማርክበት አገር ተራራ የለም እንዴ? ወይስ እዚያ ተራራም በክርክር ነው የሚወጣው?» አለችው።

ሳቀ፤ ወዲያው ወንድሟን አስታውሶ አፈረ።

«እውነቱን ልንገርሽ፤ እስካሁን ጥፋቴ አይታየኝም።»

«ለእኔም አይታየኝም። ወንድሜም ከእንግዲህ አይታየኝም።»

ዋሻው ደጃፍ ሲደርሱ ሰገን ጦሯን አነሣች። አርሞን ከለከላት። በልጅነቱ ነዲድን ሥጋ ሊያበላው ሲል የሚያፏጨውን ፉጨት አፏጨ። ነዲድ የክንፉን እሳት አጥፍቶ፣ አንገቱን እንደ ጫጩት ዝቅ አድርጎ መጣ፤ ራሱንም የአርሞን ጭን ላይ አሳረፈ። ዕንቁው በጉሮሮው ውስጥ ያበራ ነበር።

«ደንብሮ እኮ ነው፤» አለች ሰገን ድምፅዋ እየተሰበረ። «እሱም አላጠፋም።»

«አዎ፤» አለ አርሞን፤ ጦሯን ተቀብሎም ነዲድ ደረት ውስጥ ሰካው፤ ዕንቁውንም ከጉሮሮው አወጣ።

ዝናቡ ቁልቁለቱ ላይ ተቀበላቸው። በሸንጎው ፊት ሰገን ብረቱን በገዛ እጇ አውልቃ መሬት ላይ ጣለችው። ሕዝቡ እልል አለ።

«የነዲድስ ጉዳት የማን ነው?» ሲል ጠየቀ አርሞን።

አባ ጌርሞ ዐይናቸውን ሰበሩ። «አውሬ አይከስስም፣ ልጄ።»

አርሞን ብረቱን ከጭቃው አነሣ። ማንም አልጠየቀውም። መልሶ አንገቱ ላይ አጠለቀው።