የ«አንድ ድንኳን» ደራሲ

«ዝም ብለሽ ‹ደራሲ ጆሲ› በይ። ሁለት ቃል ናት እኮ» አለ ጆሲ፣ ማይኩን ለፀጋ እያቀበላት።

ከመጋረጃው ጀርባ ነበሩ። ከመጋረጃው ፊት ደግሞ የዲላ ግማሹ ተቀምጧል፤ ሌላው ግማሽ በር ላይ እየተጋፋ ነው። የዞኑ ትምህርት ቤቶች የድራማ ውድድር የመጨረሻው ቀን ነበርና ማጋነን አይደለም። መድረክ መሪዋ ፀጋ ወጥታ የድራማውንና የደራሲውን ስም መናገር አለባት። ያሸነፈው ድራማ ደራሲ ክረምቱን ሐዋሳ ሄዶ የቴአትር ሥልጠና ይወስዳል። አንድ ሰው ብቻ። ጆሲ ለአዘጋጆቹ «ደራሲው እኔ ነኝ» ማለቱን የነገራት ገና አሁን ነው። ሌሎቹ የቡድኑ ልጆች አልሰሙም።

ችግሩ ድራማቸው «አንድ ድንኳን» ደራሲ የለውም።

የሰፈር ዕድር ያለውን አንድ ድንኳን በአንድ ቅዳሜ ለሠርግም ለለቅሶም ሰጠ የሚለውን ወሬ ያመጣችው ሙሉካ ናት። ከዚያ ወዲያ ሁሉም እየተጫወተ የየራሱን ንግግር አወጣ። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ሰው የሳቀበት ይቆያል፣ ያልሳቀበት ይጣላል።

መጀመሪያ በትምህርት ቤታቸው ሲያሳዩት አዳራሹ መቃብር ሆነ። የሳቀው ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም በስልኩ። በዞኑ ከተሞች እየዞሩ ማሳየት ሲጀምሩ ግን ወናጎ ላይ ፈለቀ ተሳሳተ። ለቀስተኛ ሆኖ መግባት የነበረበት ኋላ ነው፤ ሠርጉ መሃል «ወንድሜን!» እያለ ገባ። የሙሽራዋ እናት የሆነችው ሙሉካ ሳትደነግጥ አቀፈችውና፣ «አይዞህ፣ ልጄ የምትሄደው እስከ ቡሌ ነው፤ ትመለሳለች» አለችው። የወናጎን ሳቅ ይርጋጨፌ ድረስ ሰምተውታል፤ ያላመነ ሄዶ ይጠይቅ። ስህተቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የድራማው አካል ሆነ።

ቡሌ ላይ ብርዱ ጥርስ ያረግፍ ነበር። ለቅሶው ሲጀመር አንድ አዛውንት ለቅሶ እያዩ ዳር መቀመጥ ነውር ሆነባቸውና መድረክ ላይ ወጥተው ከፈለቀ አጠገብ ቁጭ አሉ። የዕድሩ ዳኛ የሆነው ጆሲ ግራ ቢገባው፣ «አባባ፣ እርስዎ የሙሽራው ወገን ነዎት ወይስ የሟች?» አላቸው።

«ምግቡ የሚቀድመው ለየትኛው ነው?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ያንን መልስ የሚናገረው ፈለቀ ነው፤ ከዚያ የበለጠ የሚያስቅም የላቸውም።

ፀጋ ይህንን ሁሉ ለጆሲ አስታወሰችው። አልካደም። አባቱ ክረምቱን ኮንጋ ሄዶ ቡና ሲኮተኩት እንዲከርም ወስነዋል፤ ከሥልጠናው በቀር የሚያስጥለው የለም።

«አንድ ሰው መሄዱ ካልቀረ እኔ ብሄድ ማን ተጎዳ?»

«ሙሉካስ?»

«ሙሉካ ብትመረጥም ቤተሰቦቿ አይለቋትም። ፀግዬ፣ ፍሬንዴ አይደለሽ? ሌላ ስም ከጠራሽ ግን አልጫወትም፤ ሙች።»

ይሄኛው ቀልድ አልነበረም። የዕድሩ ዳኛ ከሌለ ድራማ የለም፤ ያን ሁሉ መንገድ የተጓዙት በከንቱ ይሆናል። ፀጋ ወደ መድረኩ መሃል ተመለከተች። ፈለቀ የድንኳኑን ገመድ እየወጠረ ነው። ሙሉካ ነጠላዋን እያስተካከለች ንግግሯን ለራሷ ታነበንባለች። ቤተሰቦቿ ይከለክሏት እንደሆነ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

አዘጋጁ ብቅ ብሎ ተራው የእነሱ መሆኑን ነገራቸው።

ፀጋ ማይኩን መልሳ ጆሲ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ አልልም» አለችው በቀስታ። «የማንንም ስም አልጠራም። አንተ ውጣና በለው።»

«እኔ ራሴ?»

«የጻፍከው አንተ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል?»

ጆሲ ትንሽ አንገራገረ። ጭብጨባው ሲጀምር ግን በመጋረጃው መሃል ሾልኮ ወጣ። ፀጋ ሙሉካንና ፈለቀን ቦታ ቦታቸውን እንዲይዙ ነገረቻቸው። ፈለቀ ገና ማስታወቂያው አላለቀም ሲላት፣ ዛሬ ቀድመን እንከፍታለን ብላ የመጋረጃውን ገመድ ያዘች።

«ክቡራትና ክቡራን» ይላል ጆሲ ከውጭ። «ይህንን ድራማ የደረሰው...»

ፀጋ ገመዱን ሳበች።

ጆሲ ዞር ሲል ፈለቀና ሙሉካ ከኋላው ቆመው እየሰሙት ነው። ሙሉካ ነጠላዋን እንዳጣፋች ፈገግ አለችለት። እሱ ማይኩን ከአፉ አራቀ፣ መልሶ አስጠጋ፣ እንደገና አራቀ። አዳራሹ ይጠብቃል።

ፀጋ መጋረጃው ተመልሶ እንዳይዘጋ ገመዱን አጥብቃ ቋጠረችው።