በፒካፔ ፔዳል ላይ ያረፈው እግር

ጌታቸው እባላለሁ፣ መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ በቦርጬና በማላምነው ነገር ብዛት ነው የሚያውቀኝ፣ ጂን ታየ፣ ቡዳ በላ ሲባል «እስቲ እኔን ይብላኝ፣ ስቡ ብቻ ክረምቱን ይቀልበዋል» የምል ሰው ነኝ፣ እና አሁን የማወራህን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው፣ እመነኝ።

ነገሩ ባለፈው ክረምት ነው። አንዲት ባለ ሁለት ረድፍ ጋቢና ፒካፕ አለችኝ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅ፣ ልዩነታችን እኔ ዳገት ላይ እቆማለሁ፣ እሷ ደግሞ ቁልቁለት ላይ አትቆምም። አብሮ አደጌ ሰይድ ከሚስቱ ከዘይነባ ጋር ከስንት ዓመት ዱዓና ስለት በኋላ የመጀመሪያ ልጃቸውን እየጠበቁ ነበር፣ ሐኪሞቹ ግን ልጁ ተጋድሟል፣ ነገ በጠዋት ደሴ መድረስ አለባት አሏቸው። በዚያ ሆድ በሚኒባስ ተጨናንቃ እንዴት ትሂድ? ሰይድ ወደ እኔ መጣ።

«ጌቾ፣ መኪናህ ፍሬን አላት?»

«ፔዳል አላት» አልኩት።

አልሳቀም።

ደግነቱ ወረኢሉ በኩል ገደል ገብታ ከተፈታች አዲስ ሞዴል መኪና የወጣ የፊት ዲስክና የፍሬን ፓምፕ ገዝቼ ቤት አስቀምጬ ነበር፣ የእኔዋ አራቱም እግር የድሮው ታምቡር ፍሬን ስለሆነ እሱን አውልቄ ልቀይርላት አስቤ፣ የዚያች መኪና ሹፌር መጨረሻው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ ዕቃ ስትገዛ እንዲህ ያለውን ማን ይጠይቃል? ቀኑን ሙሉ ከሰይድ ጋር ስንፈታ ስንገጥም ዋልን፣ የኋላውንም የፍሬን ሸራ ቀየርን፣ ሊመሽ ሲል የቀረን አየር ማስወጣት ብቻ ሆነ። ይሄ እኛ ስፑርጎ የምንለው ነገር ለብቻ አይሠራም፣ አንዱ ጋቢና ገብቶ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ጎማው ሥር ተጋድሞ ብሎን ይከፍታል፣ «ርገጥ» ትለዋለህ፣ «ያዝ» ትለዋለህ፣ አየሩ ፊሽ ብሎ ሲወጣ ብሎኑን ትዘጋና «ልቀቅ» ትለዋለህ። ሳይባል ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል፣ ክንድ ያህል እንኳ አያሳይ። ቦርጬን እንደምንም ከመኪናዋ ሥር አስገባሁና «ርገጥ!» አልኩ። የወንበሩ ሽቦ ሲጥ አለ፣ የኋላ መብራቷ ጭቃው ላይ ቀይ አበራ፣ ፔዳሉ ተረገጠ። «ያዝ!» ያዘ። «ልቀቅ!» ለቀቀ፣ መብራቱም ጠፋ። ሰይድ እኮ አንድ ነገር ሳይመልስ የማይረግጥ ለፍላፊ ነው፣ ያን ቀን ግን ትንፍሽ አላለም፣ በጭንቀቱ ነው ብዬ በቀልድ ላፍታታው ሞከርኩ፣ «ምነው፣ ምጡን ላንተ ሰጠችህ እንዴ?» ከጎማ ጎማ ስሻገር አረጋገጡ እየከበደ፣ ሻንሲው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሆነ፣ «ኧረ ቀስ! ፔዳል ነው እንጂ እባብ አይደለም!» አልኩት፣ ከላይ የመጣልኝ መልስ ሩጦ እንደመጣ ሰው ቁና ቁና የሚተነፍስ ትንፋሽ ነው።

መጨረሻው ጎማ ላይ «ያዝ!» ብዬ ብሎኑን እየዘጋሁ ሳለ ከግቢው በር ድምፅ መጣ።

«ጌቾ፣ መግሪብ ሰግጄ መጣሁ እኮ፣ ብቻህን ጀመርክ እንዴ?»

ሰይድ ነው። በሩ ላይ፣ እጅጌውን እንደጠቀለለ። ጭቃውን አየሁ፣ ቀዩ መብራት አሁንም በርቷል። እንዴት እንደወጣሁ አልነግርህም፣ ያ ሁሉ ቦርጭ የት እንደገባ ራሴም አላውቅ፣ ብቻ የጋቢናውን በር ስበረግደው መብራቱ ድርግም አለ። ውስጥ ማንም የለም።

ለሰይድ ነገርኩት። ቢስሚላህ አለና «ሌላ መኪና የት አለ፣ ጌቾ?» አለኝ። የለም። ሞከርናት፣ ወላሂ እንደዚያ ቀጥ የሚያደርግ ፍሬን አዲስ መኪና ላይም አላየሁም።

በጠዋት ተነሳን። ሰይድ ከኋላ የዘይነባን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፣ የጉጉፍቱን ከተማ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ እግሬ ነዳጁ ላይ እያለ የፍሬኑ ፔዳል ራሱ ወረደ፣ ጎማዎቹ ሲጢጥ ብለው ተቆለፉ። ቆምን። በእጄ ብስበው፣ በጫማዬ ባነሳው፣ ንቅንቅ አይልም። ዘይነባን ምጥ የጀመራት እዚያው ነው።

ሰይድ ከጎማው ፊት ድንጋይ ሊያስደግፍ ወረደ፣ እኔ የብሎን መፍቻዬን ይዤ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ብሎኑን ብከፍተው ግፊቱ ይወጣል፣ ጎማው ይለቃል፣ ግን ያን ሁሉ ቁልቁለት ያለ ፍሬን ነው የምንወርደው። ሰይድ ጎንበስ አለ።

«ትናንት መጨረሻ ላይ ልቀቅ ብለኸው ነበር?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያ ልቀቅ በለው!»

«ለቆ መልሶ ባይዝስ? ቁልቁለቱን አታየውም?»

ከላይ ዘይነባ ጮኸች። «በለው ጌቾ፣ ልጄን!»

«ልቀቅ» አልኩ። ምንም። «በአላህ፣ በማርያም፣ ልቀቅ!» ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ቆየ፣ በጣም ቆየ፣ ከዚያ ከዲስኩ በኩል ረጅም ሲጥታ ተሰማና ጎማው ድንጋዩ ላይ ተደገፈ።

በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ወረድን፣ ፍሬኑም ያዘልን። ዘይነባ ተረፈች፣ ልጁ ግን አልተረፈም፣ ሐኪሞቹ መቼ እንዳረፈ መናገር አልቻሉም። ሰይድ እስከ ዛሬ «እዚያ ባንቆም ኖሮ» ይላል፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማዋለሁ።

ለቅሶ ልደርሳቸው የሄድኩ ዕለት ሰይድ ሰው ሊሸኝ ሲወጣ ዘይነባ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ጋሼ ጌታቸው፣ ያን ቀን አንተ ከሥር ሆነህ ልቀቅ ስትል ወንበርህ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ማን ነበር?»

«ሰይድ ይሆናላ» አልኳት።

«ሰይድማ ውጭ ድንጋዩ ጋ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ይታየኝ ነበር። ሰውዬው መጀመሪያ ስትለው እግሩን አላነሳም። ዞሮ ሆዴን አየና ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ደግመህ ስትለምነው ነው ያነሳው።»

አሁንም ሌት ተቀን ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ልጁ ቀድሞ ማለፉን ስላየ አዝኖላት ነው ራሱን የነቀነቀው፣ ወይስ እስኪያልፍ እየጠበቀ ነበር? ሰይድ ይህን አልሰማም። ብታገኘው እንዳትነግረው አደራ።